ይጠብቃል

ሉብሊያና፣ ኅዳር። ጉም ከረግረጉ ወጥቶ
ድልድዮቹን ውጧል፣ ወንዙን አስረስቶ።
ሽፔላ ብስክሌቷን ካጥሩ ጋር ቆልፋ
ትመጣለች ማታ፣ ቀኑን ቤት አሳልፋ፤
ወንድሟን አጉርሳ፣ ትራሱን አቃንታ፣
"ዛሬስ ምን አለቀ?" ትለኛለች ገብታ።

ያለቀ ነገር የለም።

የብላዥ ሕመሙ ካንድ ጂን ነው ጣጣው፦
ተዘግቶ መኖር ነው የዚያ ጂን ዕጣው፤
እሱ ግን ላላና ሳይጠሩት አወራ፣
ጡንቻው ተከትሎት ላላ በየተራ፦
መጀመሪያ ፊቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣
ዘንድሮ ማንኪያው ነው ከእጁ የሸሸው።

ዝም የሚያሰኘው መሣሪያ አለ፤ ግን ግዙፍ ነው።
አጓጓዡ ቫይረስ፣ መርዙ የወጣለት፣
እንደ ሚኒባስ ነው፣ ልክ የተበጀለት፤
"ሞልቷል!" ይላል ረዳቱ፣ በሩን እየዘጋ።

ስለዚህ ትንሽ እንፍጠር አልን፦
ሰማንያ ዶቃ ባንድ ክር፣ ራሱን በራሱ የሚያጥፍ።
ኮምፒዩተሩ ሲያልም ያድርና
ዐሥር ሺህ ቅርጽ ይሰጠናል፤
ጠዋት ስናበጥረው ብዙው ገለባ ነው።
ዘጠና ስድስቱን አዘዝን፤ በፖስታ መጡ።
አብዛኞቹ እንዳልተማሰለ ሽሮ ጓጎሉ።
ሁለቱ ቆሙ።
አንዷ ሄዳ ያዘች።

መቀስ አይደለችም፤ አትቆርጥም፣ አትፍቅም፣
ካንዲቱም ፊደል ላይ ነጥብ አታስለቅቅም።
ላስረዳት ፈልጌ በኛው ፊደል ጻፍኩ፣
"ገና" ብዬ፤ ከዚያም ሁለቴ አነበብኩ፦
ላልቶ፣ "ቆይ፣ ታገሺ"፤ ጠብቆ፣ የልደት በዓል፤
ፊደሉ ያው ፊደል፣ ምላስ ይለየዋል።
"ጂንም እንዲሁ ነው?" አለች።
እንዲሁ ነው። ሲላላ ይነበባል፣ ሲጠብቅ ዝም ይላል።
"ገና፣ ገና ነው" አልኳት፤ አልገባትም፤
ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ማይክሮስኮፑ ሥር
አረንጓዴ የሚያበሩ ሴሎች፣ እንደ ክረምት ሣር፤
ባንዷ ጉድጓድ ብቻ መብራቱ ጠፍቷል።
በልጅነቴ ሰፈር እልል የሚባለው
መብራት ሲመጣ ነበር፤
እኛ ሲጠፋ ተቃቀፍን።

ከዚያ ሽፔላ ዝም አለች።
ሳህን ላይ ያለ ሴል ነው። አይጥ ይቀራል፣
ፈቃድ ይቀራል፣ ገንዘብ፣ ዓመት በዓመት ላይ።
"ምን ልበለው?" አለችኝ ጓንቷን እያወለቀች።

ባላበው መስኮት ላይ በጣቴ አንድ ቃል ጻፍኩ፦
ይጠብቃል።
ላልቶ ሲነበብ ስለ ጂኑ ነው።
ጠብቆ ሲነበብ ስለ ብላዥ።

"የትኛውን ነው የጻፍከው?"

ከቃሉ ሥር ውሃ መውረድ ጀምሯል።