ሰረዝ

የእድራችን መዝገብ ስድስት ዓምድ አለው፤
ስም አለ፣ የቤት ቁጥር፣ መዋጮ፤ ዳሩ ሃይማኖት ነው።
ከመምህር ለሜሳ ስም ትይዩ፣ በሰማያዊ ቀለም
አንዲት ሰረዝ አለች፤ ሌላ ቃል የለም።
እሱው ነው ያዘዘ፦ «መስመር አስምርበት፣
የሌለኝን ነገር አትጻፍብኝ» ብሎ፣
ለቀድሞው ጸሐፊ፣ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት።

ፊዚክስ አስተማሪ። ግማሹ ፍራንኮ ተማሪው ነበረ፤
ጋሪ ነጂው ሳይቀር ስለ ስበት ሕግ ከሱ ነው የተማረ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉት «የሰጠሁህ እኔ ነኝ» ብሎ ይስቃል፤
ድንኳን ሲተከል ግን ካስማውን ከሁሉ ቀድሞ ይጨብጣል።
መዋጮ አንድ ወር አላሳለፈም።
የሚያምኑት ያሳልፋሉ፤ ስም አልጠራም።

ማክሰኞ ሌሊት ሞተ።
ረቡዕ ማለዳ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሳጥኑ መጣ፣
ጥሩምባው ተነፋ፤ መቃብር ታጣ።
የሙት መሬት እዚህ አገር በር አለው፣
በሩም ላይ «የማን ነህ?» የሚል ሰው።

«የነፍስ አባቱ ማነው?» አሉ አባ ጽጌ። ክፉ ሰው አይደሉም፤
ልጃቸውን ለቁም ነገር ያበቃው እሱ ነው፣ ያንን አልካዱም።
ደንቡ ግን ደንብ ነው።
ወንጌላዊ ታምሩ «በስተመጨረሻ ጌታን ጠርቶ ይሆን?» አለ፣
ዓይኑ «አዎ በሉኝ» እያለ።
ሐጂ ነስሩ ምንም አልጠየቁም፤ ሱቃቸውን ከፍተው
ስድስት ክንድ አቡጀዴ ቀደው
«ቦታውን አልችልም» አሉን፣ «ጨርቅ ግን ሃይማኖት የለው።»

ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ከመስኮት ሦስት ወደ መስኮት ሰባት፤
«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ኑ።» የአዳማ ሙቀት
ለሬሳ ቀጠሮ አይሰጥም።

ያኔ አስካለ ተነሣች፣ ጎረቤቴ፣ ጉልት የምትቸረችር፤
አባ ፊት ቆመች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድምጿ ሳይሰበር፦
«ያስታመምኩት እኔ ነኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።
‹አቤቱ ማረኝ› ብሏል፣ ሦስት ጊዜ። እመሰክራለሁ።»
አባ አዩዋት። ቆይተው እንደገና አዩዋት።
«በሉ ቆፋሪ ጥሩ።»

እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ከአልጋው በግርጌ በኩል።
የመጨረሻ ቃሉ «መስኮቱን ክፈቱት» ነው። ከፈትነው።
ከኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ቀይ መብራት
ብልጭ ጥፍት ይላል፤ እሱም ያየ መሰለኝ። ከዚያ በቃ።

«ዛሬ ዘመን ሃይማኖት ምን ይረባል?» ይላል የእህቴ ልጅ፤
እኔም እውነቱን ለመናገር ደጁን ከረገጥኩ ቆየሁ፤
በስሜ ትይዩ ያለው የእናቴ ነው፣ አልሰረዝኩትም እንጂ።
እኔ ብዋሽ ኖሮ ምን እከፍል ነበር? ምንም፤
ውሸት ከአፌ ሲወጣ የሚመዝንብኝ የለም።
እሷ ግን «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን
እንደ ልጆቿ ስም የምታውቅ ናት፤
አምስት ብር በስሕተት ቢተርፋት
ፀሐይ ሳይጠልቅ ባለቤቱን ፈልጋ የምትሰጥ፤
ገሃነም ለእሷ ተረት አይደለም፣ አድራሻ ያለው ቦታ ነው።
እያወቀች፣ ለማያምን ሰው፣ ለሁለት ክንድ ጉድጓድ
ነፍሷን መያዣ አደረገች።

ማመን ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም።
እንደሚያስከፍል ግን አየሁ።

ለአባ ጽጌ ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው (ኋላ አጫወተችኝ)፤
«መሬት የዘጋችውን አንከፍትም» ብለው ዝም አሉ፣
ከዚያ ቀኖና ሰጧት፦ አርባ ሌሊት፣ በየሌሊቱ መቶ ስግደት።

ግድግዳችን አንድ ነው፣ ጭቃ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ጉልበቷ መሬት ሲነካ ይሰማኛል።
አንዳንዴ ስልሳ ላይ ትደክማለች፤ ጸጥ ይላል፤
እኔም መዝገቡን ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።
ሰረዟ እዚያው ናት። አልሞላኋትም። አላጠፋኋትም።
አላምንም እኮ።
ግን ጸሐፊ ነኝ፤
ስልሳ አንድ፣
ስልሳ ሁለት፣
እቆጥራለሁ።