የጎደላት ዓይን ነው ወይስ ትምህርት?

ታኅሣሥ በትሮምሶ ቀን የሚባል የለም፤
ንጋትና ምሽት አንድ ናቸው በቀለም።
ኦድቫር ሃውግላንድ፣ የቀድሞ የፌሪ መሪ፣
መኪናውን አመጣ በሰው አሽከርካሪ፤
መንጃ ፈቃዱን መልሷል፣ የዓይኑ መሐል ጠፍቶ።
"ዓይኗን እይልኝ" አለኝ፣ ወረቀት ዘርግቶ።

ስምንት ዓመት የኖረ ውል ነው፣ እጥፋቱ ሳስቷል፤
አንዲት አንቀጽ ላይ ብቻ በቀይ አሥምሮበታል፦
"ያለ ሰው ለመሄድ የሚያሻት ዕቃ ሁሉ
ከወዲሁ ገብቷል" ይላል የውሉ ቃሉ፤
"የቀረው ትምህርት ነው፣ እሱም በአየር መጥቶ
ይጫናል በሌሊት፣ ባለቤት ተኝቶ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤
ኦድቫር ግን ሞኝ አይደለም፤ ማዕበል ያሰላል።
ሐኪሙ የዓይኑን መድከም ያረዳው ዕለት
ዕድሜውን ደምሮ ነበር በዚያው ወረቀት፦
"እኔ ሳይመሽብኝ ለእሷ ይነጋላታል፤
አሥር ዓመት አለኝ፣ ለእሷ ሁለት ይበቃታል።"

በየወሩ ማለዳ፣ ካፖርቱን እንደደረበ፣
የተማረችውን ሁሉ ከስክሪኗ አነበበ፦
የትራፊክ መብራት፣ የመንገድ መስመር፣ አጋዘን።
ከዚያ ለታናናሽ እህቶቿ ሌላ አንጎል ተገጠመ፤
ለእሷ "በቅርቡ" ተባለ፤ ቆይቶ ያም ቃል ከሰመ።

ፈታኋት። ከጓንት ሳጥኑ ኋላ
ኮምፒውተሯ አለ፣ መጽሐፍ የሚያክል፣ አቧራ ለብሶ፤
ማኅደሯ ሞልቷል፣ እስከ አፍ ገደፏ፤
አዲሱ ትምህርት ሲመጣ ግማሹ ቀረ ከደጃፏ።
የዘንድሮው ቺፕ ሌላ ነው መሰኪያው፣
ይህች ቀጭን ሽቦ አትበቃም ለጥም ማርኪያው።
ካሜራዎቿ ስምንት። አንዱ በጨው ታውሯል፤
አንዱ ከመስተዋቱ ኋላ በላቦት ጨልሟል፤
ራዳር የነበረበት ቦታ
ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ፣ ባዶውን ይታያል።

"ግን እኮ" አለ ዮቭና፣ ተለማማጄ፣ "ሰው በሁለት ዓይን ይነዳል፤
ትምህርት ነው የጎደላት! በስምንት ዓይን ምን ይጎድላል?"

"የሰው ዓይን" አልኩት፣ "ቆብ አለው፣ እንባ አለው፣
የሚያዞረው አንገት፣ ፀሐይ ሲወጋው የሚከልለው እጅ አለው።
ደግሞ ካላየ ይፈራል።
ፍርሃት በሌሊት፣ በአየር ላይ ይጫናል?"

ብዬ ዝም አልኩ። ከዚህ በፊት አፍሬያለሁ፤
"አደባባይ አትዞርም" ብዬ፣ ስትዞር አይቻለሁ።

ወጣን። መሪው ላይ እኔ፣ ኦድቫር ከጎኔ።
ከከተማው ሥር ባለው ዋሻ፣ በዋሻው አደባባይ፣
ቅድሚያ ሰጥታ፣ ፍጥነቷን ገትታ፣ አሳምራ ዞረች።
ጉልበቱን መታ አደረገና "ይኸው!" አለ፣ "ቻለች!"

ወደ ክቫሎያ ድልድይ ስንወጣ፣ በረዶ ጠራጊው አልፎን፣
ከኋላው የተወው ነጭ ደመና ሸፍኖን፣
ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀይ እጆች መሪ ጨበጡ፤
"አሁኑኑ ተረከብ!" ጩኸትና ድንጋጤ አብረው መጡ።

ተረከብኩ።
ኦድቫር ቆየት ብሎ፣ "ብቻዬን ብሆን" አለ፣
"ለማን ነበር የምታስረክበው?"
እስክንመለስ ሌላ አልተናገረ።

ጋራዡ በራፍ ላይ ነው ሌላውን የጠየቀኝ፦
"ስንት ክሮነር ቢከፈል ታያለች?"
"የገንዘብ አይደለም" አልኩት፣ "አካሏ ነው፤ አዲሱ አይገጥምላትም።"
"የኔም ሐኪም ልክ እንዲህ አለኝ፤
ድምፁን እንኳ እንዳንተ ዝቅ አድርጎ።"

ጓንቱን አወለቀ። የጎን ካሜራዋን
በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ የጨው ሞራዋን።
"ለዛሬ ይብቃሽ" አላት።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ በእግሩ፣
ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣
ከፊቱ ያለውን መንገድ በዓይኑ ጠርዝ እያየ።
መኪናዋን አላጠፋኋትም ነበር፤ በስክሪኗ ሲርቅ ተከተልኩት፦
ግራጫ ሰው፤
ከዚያ የቆሻሻ በርሜል፤
እንደገና ሰው፤
ከዚያ ምንም።

ቀና ብዬ በመስኮት አየሁ።
አለ። ገና እየሄደ ነበር።