የሰኞው በረራ

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከፖስታ ቤት አፋፍ፣
ቲኬት የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ደጃፍ።
ገና በሩን ስከፍት ቆማ ጠበቀችኝ፣
ወይዘሮ ትርፍነሽ ወረቀት ሰጠችኝ፦
የልጇ ስም አለ፣ የሆስፒታል ማኅተም፣
የቀጠሮው ዕለት፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

"የሰኞው ዴልሂ ቀርቷል" ስላት፣ ወደ ውጭ ዞራ፣
እንደሚገዛ ጨርቅ ሰማዩን መርምራ፣
"ነቁጥ እንኳን የለው፤
የልጄን በረራ ማን ነው የከለከለው?"

"ተራራ ነው" አልኳት፣ "በአፋር የፈነዳ፤
አመዱ በሌሊት ቀይ ባሕርን ተሻግሯል፣
ማንም ሳይፈትሸው፣ እንዲያው እንደ እንግዳ።"
ሳቅ አለች በምሬት፦
"እኛ ለአንድ ቪዛ አራት ወር ፈጀብን፤ አመድ ምን አለበት!
ደግሞም አመድ እኮ! የምድጃ ትርፍ፣
ጎህ ሲቀድ ተዝቆ ውጭ የሚራገፍ።
እሱ ነው ያን ሁሉ ብረት የሚያግደው?
'እሳት አመድ ወለደ' ይባል የለም እንዴ፣
ለሰነፍ ልጅ ሲሆን ጀግና የወለደው?"

ከበራችን ጥግ ላይ ሰዓት የሚጠግነው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታ የኖረው ጋሽ ወርዶፋ ነው፣
ማጉያውን ሳያወልቅ ከአንድ ዓይኑ ላይ፣
"ይሄኛው" አላት፣ "አይደለም የምድጃዎን መሳይ።
የደቀቀ ድንጋይ፣ የደቀቀ ጠርሙስ፣
ለዓይን የማይታይ፣ እንደ ጉም ልስልስ፤
ሞተር አየር ብሎ ይስባል በአፉ ሙሉ፣
እዚያ ከሚነደው ከእሳቱ መካከሉ
ቀልጦ፣ እንደ ሙጫ፣ ከምላጩ ይጣበቃል፤
መተንፈሻው ሲደፈን ሞተሩ ይታነቃል።
'እሳት አመድ ወለደ' ለምድጃ ልክ ነው፤
ይሄኛው አመድ ግን
ከእሳት ቤት ሲገባ ተመልሶ እሳት ነው።"

ዝም አለች። ረዳቱ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል ከውጭ።
"መደፈን" አለች፣ "መደፈንን አውቃለሁ፤
በሳምንት ሦስት ቀን የልጄን ደም ሲያጥብ ማሽን አይቻለሁ።
ማጣሪያው ሲዘጋ
እንዴት እንደሚያብጥ ሰው በገዛ አልጋ።
ግን ቢሄድስ?" አለች፣ "ቢበር ይወድቃል ወይ?"

ወርዶፋ ማጉያውን አወለቀ፤ አየ ወደ ሰማይ።
"ምናልባት ይደርሳል። ልዋሽዎ አልችልም።
በምናልባት ግን እኔ ብሎን አጥብቄ አላውቅም።"

ለሐሙስ ቀየርኩት። ሐሙስም ካልሆነ...
አልጨረስኩም፤ እሷ ስልኳን አወጣች፣
ለማክሰኞ እጥበት ሌላ ተራ ያዘች።
ልትወጣ ስትል ጣቷን አሳረፈች በጠረጴዛዬ ላይ፣
ግራጫ ብናኝ ነው፤ አነሳችው ቀና፣ ለመስኮቱ ፀሐይ።
"ይሄስ?" አለች።
"የመንገዱ ቁፋሮ" አልኳት።
እፍ ብላ ሄደች።