አልጋ ቆጣሪው

አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ባሕር የሚታይበት፣
የፈቃድ ቁጥሩ በሩ ላይ ያለበት፤
ለሦስት ሌሊት መጥተው ለሚሄዱ ሰዎች
አንሶላ እቀይራለሁ፣ እለቅማለሁ ጠርሙሶች።

ከበሩ ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ ሕጉን፦
ከአራት ሰው በላይ አይደር፣
ስም ሳይመዘገብ ቁልፍ አይሰጥም፣
በረንዳው ላይ ፎጣ አይሰጣም።

ማክሰኞ ረፋድ ኸልፋን መጣ፣ ተቆጣጣሪው፤
አልጋ ቆጠረ፣ የጭስ ደወሉን ነክቶ አስጮኸው፤
ቁም ሣጥን ከፈተና አንድ ትራስ አነሣ።
«አምስተኛው የማን ነው?»
«ትርፍ ነው» አልኩት።
ቀትር ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ወለሉ ላይ፣
የኔ ራስ እንደሆነ የሚያርፍበት
ትራሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ማታ ናይፍ ገባሁ፣ ወደ እኛ ክፍል፣
መጋረጃ ከመጋረጃ ወደሚያካፍል።
ስንቅነሽ ከላይ፣ ነጂባ ከታች፣ እኔ በሩ ሥር፤
አሥራ አንድ ሴት፣ አንድ ሻወር፤
ውሉ ላይ ያለችው አንዲት ስም ብቻ፣
እሷም አገሯ ከገባች ከረመች።

በሩ ተንኳኳ።
ያው ኸልፋን።
አየኝ፤ አወቀኝ፤ ምንም አላለኝ።
በእስክሪብቶው ጫፍ መጋረጃ እየገለጠ
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ሰባት ላይ ድምፁ ሰለለ።

«ስም?»
ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ ሳድር
እዚህ አደረች ብሎ የጻፈኝ አልነበረም።
ፊደል በፊደል ነገርኩት፣ ያለምወርቅ፣
እንዳይሳሳት ደገምኩለት።
ከቅጣቱ በታች ጻፈው።

ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ ለጥፎ ሲወጣ
እጄ በልማዱ ሄደ፤
ጠርዙን በመዳፌ ደመደምኩት፣
እንዳይላቀቅ።