የፊደሏ ራስ

ስድስት ወረቀት ነው፣ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣
አጎቴ ምስጋናው ያመጣው፣ ከአዘዞ ድረስ አዝሎ።
«ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠሽ፣ ለባዳው ስትጽፊ ትውያለሽ፤
የኛን ለነገ፣ ለነገ ስትዪ፣ ስንት ክረምት አሳለፍሽ።»

መብራት ባለ ሌሊት ብቻ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ፣
እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ፣ ፎቶ አንስቼ፣
በሁለት ጣት እየለጠጥሁ፣
ከጥላሸት በተቀመመ ቀለም፣ የሰው እጅ ሳነብ አነጋሁ።

ጸሐፊው ወልደ ሩፋኤል፣ ፊደል አክባሪ ነው፤
ሐመሩን ከሃሌታው፣ ንጉሡን ከእሳቱ አያምታታው።
እኔ ግን «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ስል የኖርሁ፣
የትኛው ሀ እንደሆነ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ባገኘሁት ጻፍሁ።
እሱ በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥቡን፣ እንደ ጤፍ ዘርቶ፣
በኔ ገጽ ላይ ባዶ ሜዳ፣ አዝመራው ሁሉ ጠፍቶ።

ዕዳ አለ፣ ብድር አለ፣ የጠፋች በቅሎ አለች፤
ሁለት ገጽ ሙሉ ትፈለጋለች።
ቁጥሩን ፯ ነው ስል ፮ ይሆናል፤
፮ ብዬ ስጽፈው ዓይኔ ይከሰኛል።
ከገብሱ ሒሳብ ቀጥሎ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይዘል፣
«በዚህ ዕለት ሕፃኗ ዐረፈች» ይላል።
ቀጥሎ፦ «ኑግ፣ ሦስት ቁና።»
እዚያ ላይ ጥቂት ተቀመጥሁ፣ ጣቶቼን ጭኔ ላይ አኖርሁና።

አምስተኛው ላይ ደረስሁ።
«ባሻ አጣናው የአንገረብ ማዶውን መሬት
ለእኅቱ ለወይዘሮ ትርንጎ —»
ከዚያ እጥፋት።
ዘጠና ዓመት የታጠፈበት ቦታ ተሰንጥቆ፣
የአንዲት ፊደል እግሯ ተርፎ፣ ራሷን ብል በልቶት፤
ከሷ ቀጥሎ «ጠ»።

እሳቱ ሰ ናት? ወይስ ቆብ የደፋችው ሸ?
«ሰጠ» ብትሆን ወንድም ነበር። «ሸጠ» ብትሆን ባለሱቅ።
መሀላቸው አንዲት የብርዕ ጭረት፣
ከቅንድብ የማትወፍር።

«ሰጣት እንጂ!» አለ አጎቴ፣ «ያንድ ማሕፀን ልጅ ገንዘብ ይቆጥራል?
ደህና አድርገሽ እዪ፤ ስምሽ እንደሁ ያለ ነገር አልወጣም» ይላል።
ስንዱ፣ የትርንጎ የልጅ ልጅ፣ ከአራዳ ደወለች፦
«ሸጠላት! አያቴ ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ ከፈለች፤
የማንም ውለታ የለብንም።» ዘጋችው። መልሳ ደወለች፦
«ሸ በዪው።»

ሁለቱ ቤት ሰርግ አይጠራራም፤ ለቅሶም ቢሆን
በየድንኳኑ ነው።
መሬቱስ? መሬቱን አዋጅ ወሰደው፣
አዋጅ ያስተረፈውን ግድቡ ሸፈነው።
ዛሬ በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ቧንቧው ሳል ሳል እያለ ያመጣዋል፤
ምስጋናው በጀሪካን፣ ስንዱ በባልዲ ይቀዱታል።
ሰጠም፣ ሸጠም፣ እንጠጣዋለን።

ወረቀቱን ለፀሐይ ሰጠሁት፤ በባትሪ ከጀርባው አበራሁ።
ዋጋ አልተጻፈም፤ ዋጋ የሌለው ሽያጭ የት አየሁ?
ግን እማኞቹ አምስት ናቸው፤
ለስጦታ አምስት ሽማግሌ፣ ምን ሊሠሩ ጠራቸው?

ቁልፎቹን አየሁ። ግማሽ ፊደል የለም።
ወረቀት ማመንታት ይችላል፤ ይኼኛው አያውቅም።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፣
እንደ ቸኮለ ባለጉዳይ በሬ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ጎህ ሲቀድ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ዳገቱን ሲያቃስት፣
«ጠ»ን ብቻዋን ጻፍኋት፣ ከፊቷ ባዶ ቤት ትቼላት።
እማኞቹን አንድ በአንድ፣ ከነማዕረጋቸው።
ከነሱ በታች፣ በትንሽ ፊደል፣ የወረቀቱ ያልሆነ፣ የኔ፦

«እዚህ ላይ ወረቀቱ ታጥፏል። የፊደሏን ራስ አላየሁም።
ላለማየቴ ስድስተኛ እማኝ፣
ይታይሽ።»