ሰባተኛው ጎድን፣ በስተግራ

ኅዳር ነው፤ አፉላ። ዝናብ የነካው ማሳ በመስኮት ይሸታል፤
በራጁ ክፍል በር ቀይ መብራት አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።
አቶ ክንዴ ገቡ።
ሸሚዛቸውን አውልቀው እንደ ደብዳቤ አጣጠፉት፤
ከወንበሩ ጥግ፣ ከኮፍያቸው ሥር፣ ቀስ ብለው አኖሩት።
"ወገቤ ነው" አሉኝ፤ "የብርቱካን ሳጥን ሃያ ክረምት ሙሉ ችሎ ተሸክሞ፣
ጡረታ ስወጣ አኮረፈኝ ደግሞ።"

የሐኪሙ ወረቀት "ከአንገት እስከ ጭራ፣ ጎንም ጭምር" ይላል።
"ሎ ሊንሾም" ልል ነበር እንደ ወትሮው ሁሉ፤ ምላሴ ግን ዞሮ
በእናቴ ቋንቋ ወጣ፦ አየር ይሳቡ አባባ፤ ይያዙት፤ ይቆይ ታስሮ።

ከጥቁሩ ውኃ ነጩ አጥር ብቅ አለ።
ሰባት የአንገት አንጓ፣ አሥራ ሁለት የጀርባ፣ አምስት የወገብ፤
ከሥር፣ ጭራ ልሁን ሲል ሐሳቡን የለወጠ የአጥንት ስብስብ።
በየመካከሉ ትራስ ነበረ፤ ከአራተኛው በታች ግን ትራሱ አልቆ
አጥንት ከአጥንት ጋር ይሟገታል፣ እንደ ጥርስ ተፋጭቶ፣ ተናንቆ።

"አሳዪኝ" አሉ። ማሳየት የሐኪሙ እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም፤
ስክሪኑን ግን አዞርኩት። ማንም አላየም።

ዓይናቸውን አጠበቡ።
"ይህን አጥር አውቀዋለሁ። በአገሬ ሥጋ መዳቢ ነበርኩ፤
ሹልዳውን ነቅዬ፣ ፍርምባውን ለይቼ፣ ስንቱን በሬ ለመንደሩ አካፈልኩ።
የበሬ ጎድን አሥራ ሦስት ነው። የሰውስ?"

"አሥራ ሁለት" አልኩና በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየሁ፦
ሰባቱ በየራሳቸው ከፍርምባው ደጅ ይደርሳሉ፤
ሦስቱ በጎረቤት ትከሻ ተንጠልጥለው ይገባሉ፤
ሁለቱ ከማንም አይደርሱም፤ ከኋላ ተነሥተው
ጎን ላይ ይቀራሉ፣ ጫፋቸው ሥጋ ውስጥ፣ ብቻቸውን ወጥተው።

"ሁሉም አለ?"
"ሁሉም።"
"በደንብ ቁጠሪ እስቲ። በግራ አንድ መጉደል አለበት።"
ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።
"ያልጋነሽ አርባ ዓመት ስትነግረኝ ኖራለች፣
'ከጎድንህ ወጥቼ ነው፤ ቦታው ቢበርድህ ቻለው' እያለች።
ካረፈች ሦስት ዓመቷ። እውነትም ይበርደኛል።"

ቆጠርኩ። በጣቴ። በግራ አሥራ ሁለት፤ በቀኝ አሥራ ሁለት።
ጎድን አልጎደለም።
"ታዲያ" አሉኝ ዝግ ብለው፣
"እሷ ከየት ወጣች?"

የራጅ ትምህርት ቤት ይህን አያስተምርም።
እጄ ሥራ ሲያጣ ምስሉን አጎላሁት፤
ሰባተኛው ጎድን፣ በስተግራ፣ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ
ቋጠሮ አለበት፤ የድሮ ስብራት፣ ማንም ሳያክመው ድኖ፣
እንደ ተቀጠለ ገመድ መጋጠሚያው ላይ ወፍሮ።
"ይህስ መቼ ነው?"

ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።
"ካራቫን ውስጥ ነው፣ በመጣን ዓመት። ተደራራቢ የብረት አልጋ ሰጡን፤
እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፤ ሰው እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ሲያድር አይተን አናውቅ፣ ጉድ አልን።
ሌሊት ተገላበጥኩ፤ ሲሚንቶው ተቀበለኝ በጎኔ፤
ነቃች፣ አየችኝ፣ ሳቀች፤ ከሱዳን ወዲህ ጥርሷን አላየሁም ነበር እኔ።
እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ሳቀች።
መተንፈስ ወጋኝ። 'ወይኔ' ካልኩ ግን ሳቋን ታቆማለች።
ስለዚህ ትንፋሼን ያዝኩ፤
አሁን አንቺ እንዳዘዝሽኝ፣ ልክ እንደዚሁ ያዝኩ።"

"ጎድንዎ አልጎደለም" አልኩ፤ "እንዲያውም ትርፍ አለው።"
መዳፋቸውን ከጡታቸው ግርጌ አኑረው ፈለጉት።
ቆዳ ለብሶ አለ።

የጎን ፎቶ ቀርቶን ነበር።
ዞሩ፤ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ፤
አከርካሪያቸው በቀጭን ቆዳ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ ተቆጠረ።
አየር ይሳቡ፣ አልኩ። ይያዙት።
ከመስታወቱ ጀርባ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
እኔም ያዝኩ።