ተራ

እራት የምንበላው ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣
ወንዙን እያየን እንጂ እኛ ሳንተያይ።
ጠረጴዛው ተይዟል፣
አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ እንግዳ ውሎ ያድርበታል፦
አርባ አንደኛው እርምጃ ላይ የቆመ ጨዋታ፣
እንደቆመ ያለ ከዚያች የኩታይሲ ማታ።

ያኔ እኔ ዳኛ ነኝ፣ ፉጨት የሌለኝ ዳኛ፣
ሁለት ሰዓትና ዝምታ የምጠብቅ ዘበኛ።
አዳራሹ በረደ፣ አምፖሉ ደከመ፣
ጨዋታው ለነገ እንዲያድር ሰዓቱ ቆመ።
ላማራ ቀጣዩን እርምጃ በእርሳስ ጻፈች፣
ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ በምላሷ አሸገች፣
«ነገ» ብላ ሰጠችኝ፣ ወደ ፖቲ ሄደች።

ነገ አልመጣም።
አውቶቡሱ በጉም መሐል ከድልድዩ ወረደ፣
ሪዮኒ ዋጠና፣ ምንም እንዳልበላ፣ ዝም ብሎ ሄደ።

ጺዩሪን በሦስተኛው ወር አገባኋት።
ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ ቼዙን በክንዷ ታቅፋ ገባች፣
ጠረጴዛችን ላይ ሁሉንም ቤት ለቤቱ መልሳ አቆመች።
«ፈረሷ ወዴት ሊዘል ነበር?
ወይስ ንግሥቷን ይዛ ልትደፍር?»
ይህ ነው የማለዳ ጸሎቷ፣
ሃምሳ ሦስት ደብተር ሞልቷል፣ ደቃቅ ደቃቅ ጽሕፈቷ።

መብራት በጠፋ ዘመን፣ ዳቦ በሰልፍ ሲታደል፣
ጣቷ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ወታደር ሲያነሣ ሲጥል፣
ከኋላዋ ያለው ተራዋን ወስዶ ያልፋል።
ባዶ እጇን ትመጣለች፣
«ፈረሱ አይደለም» ትለኛለች።

ፒያኖውን ሸጥን።
ናቴላ ልጃችን፣ በስድስት ዓመቷ፣
አንድ ወታደር ሰረቀች፣ ባል እንዲሆናት ለአሻንጉሊቷ።
ጺዩሪ አልጮኸችም፣ አልመታችም።
ባዶውን ቤት ስታይ ቆማ አደረች።
ልጅቱ ሲነጋ ራሷ መለሰች፤
ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል አልገባችም።

ፖስታው እኔ ዘንድ ነው፣ ከዱቄቱ ቆርቆሮ በታች።
ደንብ ነው፤ ሁለቱም ሳይቀመጡ አይከፈትም።
አምና በየካቲት፣ እሷ ሐኪም ቤት ተኝታ፣
ከማንቆርቆሪያው እንፋሎት ላይ ያዝኩት ለአንድ አፍታ።
ሙጫው ለቀቀ።

ተራ ነገር ነው።
የዳር ወታደር፣ አንድ ቤት፣ ወደፊት።
ማንም ጀማሪ የሚገፋት፣
እንቅልፍ የያዛት ሴት፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት፣ የጻፈቻት።
ሃምሳ ሦስቱም ደብተር ውስጥ የለችም። ፈለግኋት።

ድና ተመለሰች። አንድ ማታ፣ ሾርባው ሲበርድ፣
ልነግራት አፌን ከፈትኩ።
«ሙጫው ተሸብሽቧል» አለች፣ ዓይኗን ከወንዙ ሳትነቅል፤
«ከመጣሁ ቀን አውቃለሁ። እንዳትነግረኝ።
እሷ ከተራመደች፣ ኦቲያ፣
ተራው የእኔ ነው።»

አሁን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።
ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ አቧራውን እጠርጋለሁ፣
ንጉሡን፣ ግንቡን፣ ፈረሱን አንድ በአንድ እወለውላለሁ፣
ያችን የዳር ወታደር ግን ሳልነካት አልፋለሁ።
ከሁሉም መሐል አቧራ የለበሰችው እሷ ብቻ ናት።
ጺዩሪ ጠዋት ጠዋት ታያታለች።
ምንም አትልም።